ሣለ፣ ቀባ፣ አነሣ፦ ያጌጠ ቤትን ከፎቶግራፍ ወደ ሸራ ማሻገርና የሥራው ቃላት

የሙያ ቃላት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ይነሣል። የውጭው ቃል በአንድ ዐምድ ይደረደራል፤ የአማርኛው አቻ በሌላው ዐምድ ይፈለግለታል፤ አቻ የታጣለት ቦታ ባዶውን ይቀመጥና ስብሰባ ይጠራበታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ከሥራው ለመነሣት መርጠናል። ለምሳሌ የያዝነው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በእንጨት ጌጥ የተንቆጠቆጠን አሮጌ ቤት ፎቶግራፉን ፊት ለፊት አስቀምጦ በአክሪሊክ ቀለም በሸራ ላይ መሣል ነው። ሠዓሊው በምዕራብ ሐረርጌ፣ በጭሮ ከተማ (በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ) የሚኖር ይሁን። ቤቱ ደግሞ በሐረር ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጠራው ባለእንጨት ቤት ይሁን። ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ቅብ ድረስ ይህ ሥራ በአማርኛ ሊነገር ይችላል ወይስ አይችልም? የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ካቋቋሙ ወዲህ ብዙ ትውልድ ሠዓሊ ወጥቷል፤ ነገር ግን የሥዕል ተማሪዎች ስለ ሥራቸው ሲነጋገሩ ግሡ አማርኛ፣ ስሙ ሁሉ የውጭ ሆኖ እንሰማዋለን። «ሼዱን አጥቁረው፤ ፐርስፔክቲቩን አስተካክለው» ይባላል። ይህ በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ ማንኛውም ቋንቋ ይዋሳል። ጉዳቱ ሌላ ነው። ተማሪው ሲዋስ በእጁ ያለውን ቃል ይዘነጋዋል፤ አናጢው፣ ግንበኛውና የብራና ጸሓፊው ለብዙ ዘመን የተናገሩበት ቃል ሰሚ ያጣል። ቤቱ በፈረሰ ጊዜ የቤቱ ክፍሎች ስምም ተከትሎ ይፈርሳል። በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚታወቀው አሮጌ ሆቴል እ.ኤ.አ. በጥር 2015 በእሳት ክፉኛ ተጎዳ፤ በ2024 ደግሞ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። ከእነዚህ ቤቶች ለአንዳንዶቹ የሚቀርላቸው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ፎቶግራፉን ወደ ሥዕል የሚያሻግረው ሰው የሚያየውን ነገር ስም ካላወቀ፣ ሳያየው ያልፈዋል።

አስቀድመን ስለ ቤቱ እንናገር። በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 በነበሩት ዓመታት የተሠሩትና በዚያው ፈለግ በአሜሪካ የተስፋፉት ቤቶች «ቪክቶሪያዊ» ይባላሉ። ዓይነታቸው ብዙ ቢሆንም ተመልካቹን የሚይዘው የጌጣቸው ብዛት ነው። ከዚያ በፊት አንድን ሳንቃ እንደ ዳንቴል በስቶ ለማስጌጥ የእጅ ባለሙያ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ በእንፋሎት የሚሠራ መጋዝ ከመጣ በኋላ ግን ያው ሥራ የሰዓታት ሆነ፤ ባቡርም የተቆረጠውን ጌጥ ወደየከተማው አደረሰ። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙት እንዲህ ያሉ ቤቶች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባለቤቶቻቸው በሦስት፣ በአራትና ከዚያም በበለጡ ቀለማት ስላስቀቧቸው፣ ፎቶግራፍ እያዩ ለሚሥሉ ሰዎች የተለመደ ርእስ ሆነዋል።

በአገራችን የእነዚህ ቤቶች የሩቅ ዘመዶች አሉ። ምኒልክ ሐረርን በ1887 (እ.ኤ.አ.) ከያዙ በኋላ ወደ ከተማዪቱ የገቡት የሕንድ ነጋዴዎች ፊታቸው ወደ መንገድ የሆነ፣ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አሠሩ፤ ከዚያ በፊት የሐረር ቤት ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለግቢው የሰጠ ነበር። በአዲስ አበባም የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው ባለሰገነት ቤቶች በዚያው ዘመን ተነሡ። የራምቦ ቤት ከሐረሮቹ ሁሉ የላቀ ጌጥ ያለው ነው፤ ፊቱ በተፈለፈለ እንጨት ተሸፍኗል፤ መስኮቶቹ ባለቀለም ብርጭቆ አላቸው። ስሙ ግን የቤቱ ታሪክ አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1891 ሞቷል፤ ቤቱን ያሠራው ከእርሱ በኋላ የመጣ የሕንድ ነጋዴ ነው። የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ከስም ተነሥቶ ታሪክ እንዳይጽፍ ይህ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ይሆነዋል።

ጭሮን ለምን መረጥን? ከተማዪቱ በአዲስ አበባና በሐረር አውራ ጎዳና ላይ፣ በጨርጨር ደጋና በሚኤሶ ቆላ መካከል ትገኛለች። የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መቀመጫቸውን በዚያ ባደረጉ ጊዜ የወጣላት አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ስም የያዘ ነበር፤ ጭሮ የሚለው ኦሮምኛ ስሟ ዛሬ መደበኛ ሆኗል። ከታች በሚኤሶና በአሰቦት የሚያልፈው አሮጌው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የቆርቆሮው ክዳን፣ ምስማሩና የመስኮት መስታወቱ ወደ መሀል አገር በብዛት የገባው በዚያ መስመር ነው። ዛሬ ሚኤሶን የምታገለግለው እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረችው የኤሌክትሪክ ባቡር ናት። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ የተቀመጠ ሠዓሊ እንግዲህ የዚህን ዓይነቱን ቤት አካላት ከሩቅ አገር መጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ከሠፈሩ አናጢ ሊጠይቃቸው ይችላል። ከዚህም ሌላ አካባቢው አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ የሚነገሩበት ስለሆነ፣ ቃላትን ለማነጻጸር የተመቸ ነው።

ንጽጽሩን ከግሶቹ እንጀምር። አማርኛ በዚህ ሥራ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጥንቁቅ ነው። እንግሊዝኛ ግድግዳ ለሚለቀልቀውም ሆነ ሥዕል ለሚሠራው በአንድ ግሥ ይጠቀማል፤ አንድ ሰው ቤት እየሠራ ነው ሲባል ሥዕል ላይ ነው ወይስ መሰላል ላይ ነው የሚለው ከዐውዱ ካልሆነ አይታወቅም። በአማርኛ ግን ቤት ይቀባል፤ ሥዕል ይሣላል። «ቤቱን ቀባው» እና «ቤቱን ሣለው» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ለማንም አይምታቱም። ቀባ ከቅቤው፣ ከቅባቱና ከቅብዐ ሜሮኑ ጋር የሚሄድ ነው፤ በላዩ ላይ አንድ ነገር ማልበስን ያመለክታል። ሣለ ደግሞ ምስል ማውጣትን ይናገራል። ኦሮምኛም እንዲሁ ይለያል፤ «ዲቡ» ቅቤ መቀባትንም ግድግዳ መቀባትንም ይይዛል፤ ምስል ግን በሌላ ግሥ ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር እናገኛለን። አማርኛ ተናጋሪ ፎቶግራፍን «አነሣ» ይላል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪም «ሱራ ካሱ» ይላል፤ ካሱም ማንሣት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ለአንድ አዲስ መሣሪያ አንድ ዓይነት ዘይቤ መምረጣቸው ለዘመናት ጎን ለጎን የመኖራቸው ምስክር ነው።

ስለዚህ ሠዓሊያችን የተነሣውን ይሥላል፤ ሲሥልም ይቀባል። ሦስቱን ግሶች ለይተን ከያዝን፣ የአክሪሊክ ሥዕል አሠራርን በእነርሱ ዙሪያ ማደራጀት እንችላለን። ከዚህ የተነሣ «ሥዕል» የሥራው ውጤት፣ «ቅብ» ደግሞ በሸራው ላይ የሚተኛው የቀለም ንጣፍ እንዲባል እንመርጣለን። አንድ ሥዕል ብዙ ቅብ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያ ቅብ፣ ስስ ቅብ፣ ወፍራም ቅብ እየተባለ ይለያል። ይህ ስያሜ ምንም አዲስ ቃል አልፈጠረም።

ከፎቶግራፍ መሥራትን በሚመለከት ግን አማርኛ ሁለት ወጥመዶች አሉት፤ «ቀዳ» እና «ገለበጠ»። ሁለቱም ያለውን ነገር እንዳለ ማባዛትን ይናገራሉ፤ ውኃ ከእንስራ ወደ ጣሳ ሲቀዳ ያው ውኃ ነው፤ ጽሑፍም ሲገለበጥ ያው ጽሑፍ ነው። የቤት ፎቶግራፍ ግን እንዳለ አይገለበጥም። አንሺው ከመንገድ ላይ ቆሞ የፎቁን ጫፍ ለማስገባት ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ካደረገው፣ በእውነቱ ቀጥ ብለው የቆሙት የበረንዳ ቋሚዎች በፎቶግራፉ ላይ ወደ ላይ ሲሄዱ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ቤቱ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ዐይን ይህን በቦታው ሲያይ ያርመዋል፤ መስተዋቱ ግን አያርመውም። ሠዓሊው ይህን ካልመለሰ ሥዕሉ ያጋደለ ቤት ያሳያል። እንደ ጀጎል ባለ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ሰፊ የሚያሳይ መስተዋት ስለሚያስፈልግ፣ በዳር ያሉት መስኮቶች ከመካከሎቹ ይልቅ ተለጥጠው ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት «ከፎቶግራፍ መገልበጥ» የሚለውን አነጋገር ትተን «ፎቶግራፍን ተመርኩዞ መሣል» እንላለን። ምርኩዝ የሚደግፍ እንጂ የሚጎትት አይደለም።

ለዚሁ እርማት የሚያስፈልጉት የርቀት ቃላት ናቸው። «አድማስ» አለን፤ ከእርሱም የአድማስ መሥመር ይገኛል፤ ይህም በተመልካቹ ዐይን ከፍታ ልክ የሚሰመር ነው። ወደ ሩቅ የሚሄዱ ትይዩ መሥመሮች፣ ለምሳሌ የክዳኑ ጠርዝና የበረንዳው ወለል፣ በዚህ መሥመር ላይ በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ይህን ነጥብ «መክሰሚያ ነጥብ» ማለት ይሻላል፤ ከሰመ ማለት ቀስ በቀስ እየሳሳ ጠፋ ማለት በመሆኑ የሚሆነውን ነገር በትክክል ይገልጸዋል። «የመጥፊያ ነጥብ» የሚለውም ሲነገር ሰምተናል፤ ነገር ግን መጥፋት ድንገት ሊሆን ይችላል፤ መክሰም ግን ሂደት አለው። ቤቱ በማእዘኑ በኩል የሚታይ ከሆነ መክሰሚያ ነጥቦቹ ሁለት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከሸራው ውጭ ስለሚውሉ ሠዓሊው ክር ወጥሮ ያገኛቸዋል።

ምስሉን ከትንሹ ፎቶግራፍ ወደ ትልቁ ሸራ ለማሳደግ የታወቀው ዘዴ ሁለቱንም በእኩል ብዛት አራት ማእዘኖች መክፈል ነው። ይህን የመሥመር መረብ አንዳንዶች «ፍርግርግ» ይሉታል። እኛ አንደግፈውም። ፍርግርግ በቤት ሥራ ውስጥ የመስኮትና የበረንዳ የብረት ወይም የእንጨት ሥራ ስም ነው፤ በዚህ ሥዕል ውስጥ ደግሞ ያ ራሱ የሚሣል ነገር ስለሆነ፣ «በፍርግርጉ ላይ ፍርግርጉን ሣል» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። በምትኩ «ሰንጠረዥ» አለ። ሰንጠረዥ ከዐረብኛው የተገኘ ሲሆን መጀመሪያ የጨዋታው ስም ነበር፤ ኋላ ለቁጥር ዝርዝር ተላለፈ። የጨዋታው ገበታ በእኩል አራት ማእዘኖች የተከፈለ ነውና፣ «የሰንጠረዥ መሥመር» ብንል ቃሉን ወደ ጥንቱ መልኩ መመለሳችን ነው። በሰንጠረዡ ላይ የሚሰመረው የመጀመሪያ ረቂቅ «ንድፍ» ይባላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነደፈ ጊንጥም ንብም የሚያደርጉት፣ ጥጥ ላይም የሚሠራ ሥራ ነው። የደጋን ጅማት ጥጡን እየነካካ እንደሚያፍታታው የእርሳስ ጫፍም ነጩን ሸራ እየነካካ ቅርጽ ያወጣለታል።

አሁን ወደ ቤቱ አካላት እንግባ፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ከላይ ብንጀምር ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣበት ጠርዝ «ክፍክፍ» ነው። በክፍክፉ ፊት ላይ በቁሙ የሚመታውን ሳንቃ ብዙ አናጢዎች «ፋሻ» ይሉታል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ የቁስል መጠቅለያውም ፋሻ ከዚያው ግንድ ነው፤ ሁለቱም ጠርዝን የሚያስር ጥብጣብ ናቸውና ዝምድናቸው አይከፋም። በዚሁ ክፍል «ኮርኒስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። በጣልያንኛ ኮርኒስ ማለት ከግድግዳ ጫፍ ወጣ ብሎ የሚታይ የጌጥ ጠርዝ፣ ወይም የሥዕል ክፈፍ ነው፤ በአማርኛ ግን ቃሉ ወደ ቤት ውስጥ ገብቶ የጣራውን የውስጥ ሽፋን ስም ሆኗል። የውጭ የሥዕል መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው የውጩን ጌጥ «ኮርኒስ» ብሎ ቢጽፈው፣ የሂርናው አንባቢ አንገቱን አቅንቶ የክፍሉን ጣራ ይመለከታል። በአማርኛ የሰፈረው የኛው ትርጉም ነው፤ ወደ ጣልያንኛው ለመመለስ መሞከር ከንቱ ድካም ይሆናል። የውጩን ጌጥ «የክፍክፍ ጌጥ» ማለት ይበቃል።

ከክፍክፉ በታች የፎቁ «ሰገነት» አለ፤ ከምድር ቤቱ ፊት ደግሞ «በረንዳ»። ሁለቱ በንግግር ይቀላቀላሉ፤ በሥዕል ግን መለየት አለባቸው፤ አንደኛው ጥላ የሚጥል፣ ሌላው ጥላ የሚቀበል ነውና። በረንዳ ከሕንድ አገር በፖርቱጋሎችና በእንግሊዞች አፍ ዓለምን የዞረ ቃል ነው፤ በእኛ ዘንድ ከቤት አልፎ የሱቅ ደጃፍ ሆኗል፤ መጠለያ ያጡ ወገኖቻችንንም «በረንዳ አዳሪ» አሰኝቷል። ሰገነቱን የተሸከሙት «ቋሚ» ናቸው፤ የተጠረቡና ራስ ያላቸው ከሆኑ «ዐምድ» ይባላሉ። ለበርና ለመስኮት ዙሪያ «መቃን» እና «ጉበን» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ በዘፀአት ታሪክ ያውቃቸዋል። መቃን ግራና ቀኙ፣ ጉበን የላዩ ነው። ዛሬ ከተሜው ሁሉንም በአንድ የውጭ ስም ይጠራል፤ ሠዓሊ ግን ሁለቱን ይፈልጋቸዋል፤ ምክንያቱም በቀትር ብርሃን ጉበኑ ጥላ ሲጥል መቃኑ ብርሃን ይቀበላል፤ ሁለቱ በአንድ ቀለም ሊቀቡ አይችሉም።

የተበሳሳውን የእንጨት ጌጥ ግን ምን እንበለው? አንዳንድ ተርጓሚዎች «የእንጨት ጥልፍ» ብለዋል፤ የሚያምር ነው፤ ጥልፍ ግን በጨርቅ ላይ የሚጨመር እንጂ ከጨርቁ ተቆርጦ የሚወጣ አይደለም። «ቅርጻ ቅርጽ» ደግሞ ሰፊ ነው። እኛ የምናቀርበው «ሐረግ» የሚለውን ነው። ሐረግ በቁሙ የሚጠመጠም ተክል ነው፤ በብራና መጻሕፍት ግን ከምዕራፍ ራስ ላይ በቀለም እየተጠላለፈ የሚሠራው የጌጥ ሥራ ስም ሆኖ ለብዙ ዘመናት ኖሯል። የሕንዱ አናጢ በሳንቃ ላይ የቆረጠው ጌጥ ከዚህ የተለየ መርሕ የለውም፤ አንድ ቅርጽ በመመላለስ ይጠላለፋል፤ ባዶውና ሙሉው እኩል ዋጋ አላቸው። «የክፍክፍ ሐረግ»፣ «የሰገነት ሐረግ» ብንል ማንም ይረዳል። ሐረግ በሰዋስው የቃላት ስብስብ፣ በዘር ቈጠራ የትውልድ መሥመር መሆኑን ጠቅሶ የሚቃወም ይኖራል። አንድ ቃል በሦስት ሙያ መሥራቱ ግን የተለመደ ነገር ነው፤ የዘር ሐረግንና የክፍክፍ ሐረግን የሚያምታታ ሰው አይገኝም።

ቀጥሎ ቀለሙ ይመጣል። «ቀለም» በአማርኛ ሦስት ነገር ይዟል፤ የሚጻፍበት ፈሳሽ፣ የሚቀባው ነገርና ዐይን የሚያየው መልክ። ግእዝ ለመጨረሻው «ኅብር» የሚል ቃል ነበረው፤ «ኅብረ ቀለም» ስንል የምናስታውሰው እርሱን ነው። በሥዕል ትምህርት «ቀለም» ለሚቀባው፣ «ኅብር» ለሚታየው ቢመደቡ ብዙ ድንግርግር ይቀራል። ይህን የምንለው በተለይ ለአክሪሊክ ሲሆን ምክንያት አለን። አክሪሊክ በቱቦ ውስጥና በሸራ ላይ አንድ ኅብር የለውም። የተሠራው ቀለም ሰጪው ዱቄት በውኃ ውስጥ በተበተኑ ጥቃቅን የሙጫ ጠብታዎች መካከል ተደባልቆ ነው። ሙጫው እርጥብ ሳለ እንደ ወተት ነጣ ያለ ነው፤ ውኃው ሲተን ጠብታዎቹ ተጣብቀው ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ስለዚህ እርጥቡ ቅብ ፈካ ብሎ ይታያል፤ ሲደርቅ ጠቆር ይላል። ቀለሙ ያው ነው፤ ኅብሩ ተለውጧል። ጀማሪ ሠዓሊ ትናንት የቀባውን ግድግዳ ዛሬ ሊያዛምድ ሲሞክር የሚቸገረው በዚህ ነው።

ስሙን በሚመለከት «አክሪሊክ» እንዳለ ይወሰድ እንላለን። ብዙ ሰው «ፕላስቲክ ቀለም» ብሎ ሊተረጉመው ይፈልጋል፤ በኬሚስትሪ ረገድም ብዙ ስሕተት አይኖረውም። ነገር ግን በጭሮም ሆነ በሌላ ከተማ ወደ ሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ገብቶ ፕላስቲክ ቀለም የጠየቀ ሰው የሚሰጠው በባልዲ የሚሸጥ፣ በውኃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ነው። «ዘይት ቀለም» ቢልም የበርና የብረት መቀቢያ ይሰጠዋል። ገበያው ቃላቱን አስቀድሞ ይዟቸዋል። የግድግዳው ቀለም ሙላቱ ብዙ፣ ኅብር ሰጪው ጥቂት ስለሆነ በሸራ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ በቃል ምክንያት የአንድ ወር ሥራ ሊበላሽ ይችላል። በውኃ የሚቀጥነው የሠዓሊ አክሪሊክ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ነው፤ የራሱ ስም ያለው አዲስ ነገር ነውና በስሙ ይጠራ።

ሸራው የመጀመሪያ ነጭ ቅብ ይፈልጋል፤ ይህ «መደብ» ይባል። በቀይ መደብ ላይ፣ በነጭ መደብ ላይ እያልን ሰንደቅና ጥለት የምንገልጽበት ቃል ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የጥጥ ጨርቅ በግድግዳ ላይ ለጥፎ በላዩ ይሠራ ስለነበር፣ በጨርቅ ላይ መሣል ለኛ እንግዳ አይደለም። መደቡ ከደረቀ በኋላ ንድፉ ይሰመራል፤ ከዚያም ሰፋፊዎቹ ክፍሎች፣ ሰማዩ፣ ግድግዳው፣ ክዳኑ፣ በጠፍጣፋ ብሩሽ ይቀባሉ። በዚህ ደረጃ የአየሩ ጠባይ ይፈርዳል። በሚኤሶ ቆላ በቀትር የተቀባ አክሪሊክ ብሩሹ ላይ ሳለ ይጠነክራል፤ በቁኒ ደጋ በክረምት ደግሞ የተሻለ ጊዜ ይሰጣል። በቆላ የሚሠራ ሰው የቀለም ገበታውን በእርጥብ ጨርቅ ላይ ቢያኖረው ይረዳዋል። የደረቀ አክሪሊክ በውኃ አይመለስም፤ ብሩሽም ካልታጠበ እንጨት ይሆናል።

ከሰፋፊዎቹ በኋላ ጥላው ይመጣል፤ የቤቱም ቅርጽ በጥላው ይወሰናል። አማርኛ «ጥላ» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ ብርሃን ያልደረሰበትን የዕቃውን ጎንና ዕቃው በሌላ ነገር ላይ የሚጥለውን። የመጀመሪያውን «የገዛ ጥላ»፣ ሁለተኛውን «የወደቀ ጥላ» ማለት ይቻላል። «ጽላሎት» የሚለውን የግእዝ ቃል ለአንደኛው መመደብ የሚሹ አሉ፤ ነገር ግን ጽላሎትም በግእዝ ጥላ ማለት ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የመደበው ኮሚቴ ብቻ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ፀሓይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ፣ የዚያ አገር የሥዕል መጽሐፍ ጥላን በግድግዳ ላይ አግድም አጋድሎ ያሳያል። ጭሮና ሐረር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ የሚገኙ ናቸው። ፀሓይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ በቀትር በአናት ላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ የክፍክፉ ጥላ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ረዝሞ ይወርዳል፤ ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ቤትም በሰኔ ቀትር ብርሃን ያገኛል፤ በታኅሣሥ ግን ያው ፊት በገዛ ጥላው ውስጥ ይውላል። ፎቶግራፉ የተነሣበትን ወርና ሰዓት ያልጠየቀ ሠዓሊ፣ ከመጽሐፍ ያየውን የሰሜን አገር ጥላ በሐረር ቤት ላይ ይለጥፋል። ጥላውም ጥቁር አይደለም፤ ከሰማይና ከመሬት የተመለሰ ብርሃን አለበት፤ በጥቁር ቀለም የተቀባ በረንዳ ዋሻ ይመስላል።

ለኅብር ስሞች ደግሞ ከከብትና ከፈረስ መልክ የተሻለ መዝገብ አናውቅም። ዝናብና ፀሓይ የበላው እንጨት ግራጫ ብቻ አይደለም፤ «ዳለቻ» ነው። አቧራ የጠጣው ኖራ «ቡላ» ነው። የዛገ ቆርቆሮ «ዳማ» ወደሚባለው ይጠጋል። ሐረርጌ በከብት ማድለብ የታወቀ አገር ስለሆነ፣ እነዚህን ቃላት የሚያውቅ ሰው በየገበያው አለ። በአንጻሩ «ቡናማ» የሚለው የከተማ ቃል በጨርጨር ሰው ፊት ያስቃል፤ እሸቱ ቀይ፣ ጀንፈሉ ጠቆር ያለ፣ ጥሬው አረንጓዴ ያዘለ ዳለቻ፣ የተቆላው ጥቁር ሊባል ጥቂት የቀረው ነውና፣ የትኛው ቡና ነው ቢል ይገባዋል።

ሐረጉ የሚቀባው በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ጌጡን አንድ በአንድ በነጭ ቀለም ለመከተል ይሞክራሉ፤ ውጤቱም የተሰቀለ መጋረጃ ይመስላል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ከሐረጉ በስተጀርባ ያለውን ጥልቅ ጥላ በአንድ ላይ መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያም ብርሃን ያገኘውን እንጨት በቀጭን ብሩሽ በላዩ ማምጣት ነው። በውኃ ቀለም ይህ አይቻልም፤ ፈካ ያለ ኅብር በጠቆረው ላይ አይታይምና። አክሪሊክ ግን የሚሸፍን ቀለም ስለሆነና ፈጥኖ ስለሚደርቅ ይፈቅዳል። ለቀጥታ ጠርዝ የወረቀት ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ሐረጉ በሙሉ እኩል ጠርዝ ካገኘ ቤቱ አዲስ ይመስላል። ወደ ሩቅ የሚሄደው የሐረግ ክፍል እየተጨማደደና እየደበዘዘ ሄዶ፣ በመጨረሻ ጥቂት ነጥብ ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ ዐይን ቀሪውን ይሞላዋል። ባለቀለም ብርጭቆዎቹም በስስ ቅብ፣ በጠቆረ መደብ ላይ ይሠራሉ፤ በቀን ከውጭ ሲታዩ ከውስጥ የሚታየውን ያህል አይበሩም፤ ቀያቸው ጥቁር ሊመስል ይቀርባል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ በጀርባው የሚጻፍ ቃል ይቀራል። «ከፎቶግራፍ የተቀዳ» የሚለውን ከላይ በሰጠነው ምክንያት አንቀበለውም። «ፎቶግራፍ ተመርኩዞ የተሣለ» ተብሎ፣ ፎቶግራፉ የተነሣበት ዓመት፣ ሥዕሉ የተሠራበት ዓመት፣ የዘመን አቈጣጠሩም የማን እንደ ሆነ ቢመለከት፣ ቤቱን ለሚያድሰው አናጢ ሁለት የተለያዩ ጊዜያትን ይለይለታል። የቦታውም ስም ሁለት ጊዜ ይጻፍ፤ የተሣለው ቤት ሐረር፣ የተሣለበት ከተማ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)።